የማቋረጫ ክፍያ

ማክሰኞ፣ በወሩ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ይድረስ ለባለቤቴ፣ በእህትሽ ቤት፤

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ነው? የክሊኒኩ ሥራስ ተስማማሽ? እህትሽ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል አልታመምኩም ማለቴ ነው እንጂ ከትናንት ጀምሮ ጥርሴን እንዳፋጨሁ ነው።

ደብዳቤ የማልወድ ሰው ብዕር ያነሳሁት ከኢንሹራንስ ኩባንያው በስምሽ ወረቀት ሊደርስሽ ስለሚችል ነው። «የአሽከርካሪዋ ስም ከውሉ ተሰርዟል» ይላል፤ ግልባጩ ደርሶኛል። አንብበሽ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው። እኔ ያቋረጥኩት ውሉን ነው። ስምሽን ሰርዙ ያልኩት ሰው የለም። እነሱ ግን አንዱን ያለ ሌላው መሥራት አያውቁበትም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መኪናችን ድንቢጥ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ጎማዎቿ ሥር ቅጠል ተከምሯል። የጎረቤት ድመት እንኳ ኮፈኗ ላይ መተኛት ትታለች፤ ሙቀት የሌለው ነገር ላይ ድመት አትተኛም። እኔ እንደሆንኩ መንዳት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ ልታስተምሪኝ ሞክረሽ፣ ፍሬኑን ከመርገጤ በፊት የትራፊክ ደንቡን አንብቤ ልጨርስ ስልሽ፣ ከመኪናው ወርደሽ በእግርሽ ወደ ቤት ሄደሻል።

የማይንቀሳቀስ መኪና አይጋጭም። የማይጋጭ መኪና ዋስትና አያሻውም። ይህ ለሕፃን የሚገባ ነገር ነው። ለቆመ መኪና ሦስት ወር ሙሉ ከከፈልኩ በኋላ፣ በውሉ ስምንተኛ ወር መጨረሻ፣ በአንድ ገጽ ጨዋ ደብዳቤ ውሉ እንዲቋረጥ ጠየቅሁ። እርግጥ ደብዳቤውን በጻፍኩበት ቀን ትንሽ ተናድጄ ነበር። ሦስት ወር ያለ አንዲት መስመር ደብዳቤ ቢቆይ የማይናደድ ካለ እሱ ይፍረድ።

በሁለተኛው ሳምንት ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የሒሳብ መጠየቂያ። መጀመሪያ የማቋረጫ ክፍያ ይላል። ይሁን፣ በሩን ስትወጪም ትከፍያለሽ እንበል። ቀጥሎ፣ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ከፋፍለን በመክፈላችን «የክፍፍል አገልግሎት» የሚሉት አለ፤ ይህንን ከየወሩ ክፍያችን ላይ ሲቆርጡት የኖሩት ነው። በመጨረሻ ደግሞ የቀሩት አራት ወሮች ክፍያ በሙሉ። ዋስትና ለማይሰጡኝ አራት ወሮች። ባላቋርጥ ኖሮ የአራት ወር ከፍዬ በሰላም እኖር ነበር፤ በማቋረጤ የአምስት ወር ተኩል ተጠየቅሁ። ሳትበላ ወጥተህ ለሳህኑም፣ ለወንበሩም፣ ለበሩም ክፈል እንደማለት ነው።

ትናንት ከማተሚያ ቤቱ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ቢሯቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል። ከላይ ወንበሮቹ እርስ በርስ ተበይደዋል፤ አንዱ ሲቀመጥ ሁሉም ይነቀነቃል። በመስታወቱ ላይ ያለው የመነጋገሪያ ቀዳዳ ደግሞ ከሆዴ ትይዩ ነው። መብቱን የሚጠይቅ ሰው አጎንብሶ ይጠይቅ ብለው ሆን ብለው የሠሩት ነው።

ከውስጥ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ሳታየኝ «አባባ፣ ቁጥርዎ አልደረሰም» አለችኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አባባ። ከእኔ በቀር ሰው እንደሌለ ባመለክታት፣ ማሽኑ እስኪጠራኝ መጠበቅ እንዳለብኝ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ተቀመጥኩ። ማሽኑ የማንንም ቁጥር ሳይጠራ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ የእኔን ጠራ። ስደርስ ጉዳዩ ከእርሷ በላይ እንደሆነና የክፍሉን ኃላፊ ማነጋገር እንዳለብኝ ነገረችኝ። ይህን ለመናገር ሃያ ደቂቃ ያስፈልጋት ነበር?

ኃላፊው አንገቱን በክራባት ያነቀ፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው። አነጋገሩ አናዶኝ ነበር። ተሰልቷል ይላል፤ ተመዝግቧል፣ ተወስኗል ይላል። ማን ነው የወሰነው ብዬ ብጠይቀው፣ ተወስኗል አለኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ለኖርኩ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ይሰጣል? ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት እንደማይቆም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚነገር ነው፤ ይህንኑ ነገርኩት።

«የዚህ ግሥ ባለቤት ማን ነው?» አልኩት።

ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «ባለቤትዎማ እዚህ ተጽፈዋል። አሽከርካሪዋ እርሳቸው አይደሉም እንዴ? አሁን የት ናቸው?» አለኝ።

ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ሰዋስው አያውቅም። እኔ ግን ለጥቂት ጊዜ ስለ ምን ስከራከር እንደነበር ጠፋኝ።

ራሴን ሰብሰብ አድርጌ፣ የቀሪ ወራት ክፍያ የሚባል ነገር ስንዋዋል ማንም አልነገረኝም አልኩት። ሰውዬው ተነስቶ ከመደርደሪያው ፋይል አወጣ። ውሉን ያመጣን ዕለት ትዝ ይልሻል? ሃያ ሁለቱን ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ሳርም አምሽቼ፣ «ማን አርምልኝ አለህ? ፈርመህ አትሰጣቸውም?» ብለሽኝ ነበር። ያንኑ ቅጂ አስቀምጠውታል። ዐሥራ ስድስተኛው ገጽ ላይ «የካሳ ክፍያ በተፈጸመበት ዓመት ውሉ ቢቋረጥ የቀሪዎቹ ወራት ክፍያ በሙሉ ይከፈላል» ይላል። «ቢቋረጥ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎት ስለነበር ጨምሬበታለሁ። በቀይ፣ በገዛ እጄ።

ኃላፊው ጣቱን ሰረዟ ላይ አሳረፈ። «መቼም አላነበብኩትም አይሉኝም» አለ።

ፊደሉን ሁሉ አርሜ ትርጉሙን አሳልፌዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት ሥራ በኋላ ይህ ደረሰበት ብለሽ ለሰው ብትነግሪ አልቀየምሽም። ቢሆንም እንደዚያ ዓይነት አንቀጽ በዐሥራ ስድስተኛው ገጽ መደበቅ ነውር ነው፤ አሁንም ነውር ነው እላለሁ።

ታዲያ ካሳ ብለው የሚያወሩት ከግቢያችን በር ምሰሶ ጋር ተጋጭታ የተሰበረችውን ያቺን የኋላ መብራት ነው። አንድ መብራት! እርሷን ለጠገኑበት የአራት ወር ክፍያ ሊወስዱ ነው እያልኩ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ ኃላፊው የካሳ መጠየቂያ ቅጹን ከፋይሉ መዝዞ አወጣ። በእኔ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ነው። «የአደጋው ምክንያት» ከሚለው ሥር ያለውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ «በአሽከርካሪዋ ቸልተኝነት።»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስታወቱ ጀርባ ቀና ብላ አየችኝ።

መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አድርጌበታለሁ። ቅጽ ላይ አራት ነጥብ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም። ከአንተ በኋላ ማንም የሚናገረው የለም ብለሽ «አራት ነጥብ» የሚል ስም ስታወጪልኝ እስቅ ነበር፤ እዚያ ወንበር ላይ አላሳቀኝም።

መብራቷ በተሰበረችበት ቀን ጠዋት፣ በማዋለጃ ክፍል ቀንና ሌሊት ቆመሽ፣ መንታም አዋልደሽ እንደመጣሽ አውቅ ነበር። ምሰሶው የበሩን ግማሽ ዘግቶ የቆመ እንደሆነም አውቅ ነበር። መካኒኩ በትንሽ ነገር ያስተካክለዋል፣ ተወው ብለሽኝ ነበር። እኔ መብታችን ነው አልኩ። ከዚያ ቅጹን አነሳሽ፣ አነበብሽ፣ ጠረጴዛው ላይ መልሰሽ አስቀመጥሽው።

«ደክሟት ነበር የሚል ሳጥን የለውም?» አልሽኝ።

የመለስኩልሽን እዚህ አልደግመውም። የለውም ነው ያልኩሽ። በሳምንቱ ለእህትሽ ጉልበት ብለሽ ለዐሥራ አምስት ቀን ሄድሽ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ኃላፊው ቅጹን ወደ ፋይሉ መልሶ ለቀቅ አለ። ውሉ እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ እንደገና ከቀጠለ ያ ሁሉ ክፍያ ይሰረዛል፤ በየወሩ እንደ ድሮው መክፈል ብቻ ነው። ነገር ግን የሚቀጥለው በአሽከርካሪ ፊርማ ነው፤ የሚነዳት ሰው ከሌለ አይሆንም አለኝ።

«የሚነዳት ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አልኩት።

«እኔ እንኳን የጠየቅሁዎት ስለ መኪናዋ ነበር» አለ።

ድፍረቱን ተመልከቺ። ሰው ክፍያ ሊከራከር ሄዶ ስለ ቤቱ ይጠየቃል? የማስቀጠያ ቅጹን ተቀብዬ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወረድኩ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት ወረቀት ልኬልሻለሁ። አንደኛው ለበላይ አካል የምናቀርበው አቤቱታ ነው፤ ዘጠኝ ገጽ ነው፣ ግሩም ሆኖ ተጽፏል፣ ሁለታችንም በውሉ ላይ ስላለን ያንቺም ፊርማ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው የማስቀጠያው ቅጽ ነው። እሱ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ «አሽከርካሪ» ይላል፣ ባዶውን ትቼዋለሁ። የመረጥሽውን ፈርሚ። አላስገድድሽም። ሁለቱንም ሳትፈርሚ ብትተዪያቸው ከደመወዜ ከፍዬ እገላገላለሁ፤ ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ። ቀኑ ግን እንዳያልፍ።

ሌላ ወሬ ብዙም የለም። ምሰሶውን ግንበኛ አምጥቼ አስነቅዬ ሁለት ክንድ ወደ ጎን አስተከልኩት። ሲጀመርም ጠማማ ነበር፤ ከአንቺ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዛሬ ጠዋት መካኒኩ መጥቶ የድንቢጥን ባትሪ ሞላ። ያለ ሥራ ቆሞ የሞተ ባትሪ ኪሳራ ስለሆነ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አቆየው። እሱ ሲሄድ ወጥቼ ባይ ድመቷ መጥታ ኮፈኑ ላይ ተኝታለች።

እህትሽን እጅ ነስቷል በይልኝ። ጉልበቷን ይማርላት። በእጅሽ የሚወለዱትን ሁሉ ለወግ ያብቃቸው፣ አንቺንም ከድካም ይጠብቅሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ወደየትም ይሁን።

ባለቤትሽ
አራት ነጥብ

እርማት፤
በካሳ መጠየቂያው ቅጽ፣ ሁለተኛ ገጽ ላይ «በአሽከርካሪዋ ቸልተኝነት» የሚለው «ደክሟት ነበር» ተብሎ ይነበብ።
በዚህ ደብዳቤ ፊርማ ላይ «አራት ነጥብ» የሚለው «ነጠላ ሰረዝ» ተብሎ ይነበብ፣