ያልላክኸው ዶሮ

ይድረስ ለወንድሜ ለሰልዊን፣ ፐርዝ።

እንደምን ሰነበትህ ወንድሜ? ወገብህስ ትንሽ ለቀቀህ? ራሌን እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? የፋብሪካው ነገር ምን ላይ ደረሰ፣ መልሰው ጠሩህ ወይስ አሁንም ቤት ነህ? እዚህ ብርዱ አጥንት ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሏል። እኔን ከጠየቅኸኝ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ይህን ደህንነት ካልነው ደህና ነኝ።

ቀኑን የሰው ልብስ ሳጠብና ሳሰፋ እውላለሁ። መብራት ሲጠፋ የስፌት መኪናዬ ትቆማለች፣ እኔ ግን በእጄ እቀጥላለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ከምኩራቡ ጀርባ ካለው አዳራሽ ሄጄ ከሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች ጋር ለተቸገሩ ቤተሰቦች የሰንበት ምግብ በካርቶን እደረድራለሁ። ድካሜን አልደብቅህም፤ ማታ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ የሌላ ሰው ይመስለኛል። የምጽፍልህ ግን ስለ እማዬ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ የምደውለው ከእሷ ቤት ነው፤ ጆሮዋ ደግሞ ከጉልበቷ ይሻላል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እዚያ ያለች ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ ለምትመጣ አንዲት ሴት ሰጥቼልሃለሁ።

ጡረታዋ ለመድኃኒቷና ለሕንፃው መዋጮ ብቻ መሆን ከጀመረ ቆይቷል። ከፋሲካ በፊት ማቀዝቀዣዋን ብከፍት ግማሽ ሽንኩርትና ትንሽ ቀይ ሥር ብቻ አገኘሁ። ስሟን አዳራሹ ላስመዝግብ ብላት ተቆጣች። ‹‹ሠላሳ ዓመት በየበሩ እየዞርኩ ለድሃ የለመንኩ ሴት ነኝ። አሁን ዜልዳ ስሜን ጽፋ ታዝንልኝ? መጋረጃዬን ቀቅዬ ብበላ ይሻለኛል›› አለችኝ። ወይዘሮ ዜልዳን ታስታውሳታለህ፣ አዳራሹን የምትመራው እሷ ናት። እኔም እማዬን ሳላስፈቅድ ሄጄ ለእሷ ነገርኳት።

ደንቡን ታውቀዋለህ። የተቀባዩን ስም ከወይዘሮ ዜልዳ በቀር ማንም አያውቅም። ካርቶኑ ላይ ምንም አይጻፍም። አድራሹ ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ አስቀምጦ ደወል ይደውልና ሳይከፈት ይሄዳል፤ ሰጪና ተቀባይ ዓይን ለዓይን እንዳይተያዩ ነው። የመጀመሪያው ሐሙስ እዚያው ነበርኩ። እማዬ ዶሮውን፣ ድንቹን፣ የሰንበቱን ዳቦ፣ የቆርቆሮ ዓሣውን አየችና ‹‹ማነው የላከው?›› አለች። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶግራፍህ ላይ አረፈ። ‹‹ሰልዊን ነው፤ እዚህ ላለ ሱቅ ከዚያ ሆኖ ይከፍላል›› አልኳት። ከአፌ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣሁለት።

ደስታዋን ብታይ! ሕንፃው ሙሉ ‹‹ልጄ ከአውስትራሊያ ይቀልበኛል›› ስትል ሰምቷል። አድራሹ ጥርስ ሐኪም የነበረው ሶሊ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል። እማዬ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ በሩ ጥግ ወንበር ይዛ ትጠብቀዋለች። ‹‹አንተ የአውስትራሊያ ፖስተኛ! ቆይ እንጂ፣ ሻይ ጠጣ!›› እያለች ከላይ ትጣራለች፤ እሱ ደረጃውን እያነከሰ ይሮጣል። ‹‹ከሚስቴ በቀር እንዲህ ያሯሯጠኝ ሴት የለም፤ የቤቱን ቁጥር ለሌላ ስጡልኝ›› ብሎ አዳራሹ ውስጥ አሳቀን። ዓርብ ማታ የሰንበት ሻማዋን ለኩሳ ወደ ፎቶግራፍህ ዞራ ትመርቅሃለች። እኔ ሳህን ይዤ ከኋላዋ እሰማለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ግን ከእማዬ በታች ያለችው ጎረቤት፣ ወይዘሮ ፍሪዳ፣ ሁለት ከረጢት ጎትታ አዳራሹ ገባች። ‹‹ከሂንዳ ነው፤ ልጇ የሚልክላት ተርፏት ለድሆች ይሁን ብላለች›› አለች የእማዬን ስም ጮክ ብላ እየጠራች። ያለፉት ሁለት ሳምንታት ቆርቆሮዎች፣ ሩዙ፣ የአፕሪኮት ማርማላታው፣ በእጄ የደረደርኩት ሁሉ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ ‹‹እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን›› ተባባሉ። አንዷማ ‹‹የእኔው ለንደን ሆኖ የሚልክልኝ የውሻውን ፎቶግራፍ ነው›› አለች። ወይዘሮ ዜልዳ ፊቷ ሳይለወጥ ‹‹ለሂንዳ እግዚአብሔር ይስጥልን በያት›› ብላ ፍሪዳን ሸኘች። ከዚያ ወደ ጥግ ሳበችኝና ‹‹ይሄ ዓሣ ከእኔ የበለጠ ከተማ ዞሯል። እናትሽ ምን እየበላች ነው?›› አለችኝ።

ይህን እኔ አልጠየቅኩም ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ደረጃው ላይ አዙሯት ወድቃ ‹‹ጫማዬ ነው›› ስትለኝ አምኛት ነበር። ከአዳራሹ እማዬ ጋ ሄድኩ፤ አሳንሰሩ ስለቆመ አራት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። ድስቷ ውስጥ ካሮትና ውኃ ነበር። ዶሮውስ ስላት፣ ‹‹ለፍሪዳ ሰጠሁ፤ ማን አላት?›› አለች። ከስተሻል ብላት፣ ‹‹የሠርጌ ቀን ወገቤ ተመለሰልኝ፣ ቀናሽ እንዴ?›› አለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ይመስላል፣ ሰልዊን። ማልቀስ ስጀምር ግን ኮስተር አለች። ‹‹ሜርል፣ በቃሽ። ልጁ የሚልክለት ሰው ለሌላው ይሰጣል። ድሃ ማለት የሚሰጠው ያጣ ነው፤ እኔ ደግሞ አላጣሁም›› አለችኝ።

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ብነግራት ካርቶኑን በሩ ላይ ትተወዋለች። ባልነግራት ለሰው ታድለዋለች። በየትም በኩል ብሄድ የምትራበው እሷ ናት።

ለወይዘሮ ዜልዳ ሄጄ ነገርኳት። ‹‹ሕጋችን በምጽዋት የሚኖረውም ይስጥ ይላል እንጂ ጠራርጎ ይስጥ አይልም። አንድ ቆርቆሮ ትስጥ፣ የቀረውን ትብላ። ይህንኑ ንገሪያት›› አለችኝ። የእኔን ቃል መቼ ሰምታ ታውቃለች ብላት፣ ‹‹እንግዲያው ላኪውን አምጪው›› ብላ ሳቀች። እኔ ለመሳቅም አቅም አልነበረኝም።

ላኪው እንግዲህ አንተ ነህ ወንድሜ። እጅህ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምንም ላክ አላልኩህም። ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውልላት። ‹‹እማዬ፣ ዶሮው ለአንቺ ነው። ከቆርቆሮው አንዱን ለፈለግሽው ስጪ፤ ሌላውን ሳትበዪ ብትሰጪ እቀየምሻለሁ›› በላት። በየሳምንቱም ምን እንደበላች ጠይቃት። እኔ ይህንኑ መቶ ጊዜ ብላት የራዲዮ ድምፅ ነው የሚሆንባት፤ አንተን ግን እምቢ ብላህ አታውቅም። በቅሬታ የጻፍኩት አይምሰልህ። ትንሽ ቅሬታ ቢኖርበትም ደክሞኝ ነውና እለፈኝ።

ራሌንን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ለብሼው ነው የምጽፈው። ታሊያን በፈተናዋ በርቺ በላት። ናፍታሊ ቁመቱ እኔን አለፈ አሉ፤ ጎንበስ በልና አክስትህ ትስምህ በለው። እማዬ እንደ ሁልጊዜው ሁላችሁንም አንድ በአንድ ስማችኋለች።

ውሸት እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ስትደውል ስለ ዶሮው ታመሰግንሃለች፣ ከዚያም ትመርቅሃለች፤ ምርቃቷ ረዥም ነው። አታቋርጣት፣ እኔ አይደለሁምም አትበል። አሜን ብቻ በል። እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን እላለሁ።

እህትህ ሜርል
ሲደንሃም፣ ጆሃንስበርግ
እሑድ፣ ኦገስት 27 ቀን 2023