ከሚዛኑ በፊት የጠጣሽው ውሃ

ሐሙስ ጠዋት፣ ኅዳር ፯

ለልጄ፣

በድለሽኛል። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ይህን ሳልጽፍ ሰላምታ ባስቀድም ግን የውሸት ሰላምታ ይሆናል። የሻምፒዮናው ዕለት ጠዋት፣ ሚዛን ላይ ልትወጪ ጥቂት ሲቀርሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣሽ። የስንት ዓመት ልፋቴን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥሽው። በደሉ ይህ ነው። ጽፌዋለሁ፤ አሁን ሰላምታው ይቀጥል።

እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ልጅሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃው ትንሽ ረዝሞብኛል እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ይህን ሁሉ ዘመን በስልክ ስለ አየር ጠባይ ስናወራ ኖረን፣ እዚያ ዘነበ እዚህ አልዘነበም ስንባባል፣ ድንገት ስለ ትግል ጠየቅሽኝ። ልጅሽ ትግል መጀመሯን እንኳ አልነገርሽኝም ነበር። «አሰልጣኟ ለወሩ መጨረሻ ውድድር ሦስት ኪሎ ቀንሺ ብሏታል። እሷም እሺ ብላ እራቷን ትታለች። ውሃም መቀነስ ጀምራለች። እኔ ምን ልበላት? አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለሻል። ስጠየቅ የማልመልስ ሰው አይደለሁም። እመልስልሻለሁ፤ ግን በራሴ ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ ማንን እንደጠየቅሽ ላስታውስሽ። እኔ ትግልን ያስተማረኝ ሰው የለም። ልብስ ማጠቢያው ላውንደሪ ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ስጠብቅ፣ ለእጥበት ከመጣ ኮት ኪስ ውስጥ አንድ የትግል መጽሐፍ ተገኘ፤ ባለቤቱም ሳይጠይቀው ቀረ። ቋንቋውን ስለማላውቀው ከሥዕሎቹ ተማርኩ። መጨረሻው ተቀድዶ ስለነበር ለረጅም ጊዜ ሰው ማንሳት እንጂ መጣል አላውቅም ነበር። አንስቼ ቆሜ እቀራለሁ። ሰው ይስቅብኝ ነበር። መጣሉን በራሴ ደረስኩበት። ከዚያ የሰፈራችንን አዳራሽ ለምኜ አስከፈትኩ፤ ምንጣፉን ከአሮጌ ፍራሽ ሰፋሁት፤ እናትሽ ካረፈች በኋላም አንቺን ቤት ብቻሽን ከምተውሽ ብዬ ይዤሽ መጣሁ። ከወንዶቹ ሁሉ በለጥሽ። «ላባ» ያልኩሽ ያኔ ነው። ቀላል ነበርሽ፤ የያዘሽ ሁሉ ያዝኳት ሲል እጁ ባዶ ነበር።

ክብደት ማስቀነስም የራሴ ዘዴ ነበር። የላውንደሪውን ማድረቂያ ክፍል መቼም አትረሺውም። የሆስፒታል አንሶላ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሎ ያንጠባጥባል፤ ሙቀቱ በር ሲከፈት ፊት ይጠብሳል። የዝናብ ልብስ አልብሼ፣ የእጅጌሽን ጫፍ በሲባጎ አስሬ፣ በአንሶላዎቹ መካከል አስሮጥሽ ነበር። ለጤናሽ አስቤ በየመሀሉ በሩን እከፍታለሁ። አንድ ጊዜ ከፍቼ ስገባ የእርጥብ አንሶላ ጫፍ አፍሽ ውስጥ ከተሽ ውሃውን ስትመጥጪ አየሁሽ። «ተይው፣ ሳሙና አለበት» አልኩሽ። ተውሽው። ልጅሽ እንዲህ ያለ አሰልጣኝ አላት ወይ? እንጃ።

የምዘናውን ሥርዓት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እሷ ላታውቀው ትችላለችና አንብቢላት። ጠዋት በሩ ይከፈታል፤ ግማሽ ሰዓት ነው ያላት። ሐኪም ቆዳዋን ያያል፣ የሚተላለፍ ነገር እንዳይኖር። ጥፍሯ አጭር መሆን አለበት። የምትታገልበትን ልብስ ለብሳ ነው የምትወጣው፤ ለልብሱ ተብሎ የሚተውላት ግራም የለም። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ያሰኛትን ያህል ደጋግማ መውጣት ትችላለች። ደወሉ ከተደወለ በኋላ ግን ከምድቧ ክብደት የበለጠች ታጋይ ተሰናበተች ማለት ነው። ቢያለቅሱለትም ቢለማመጡትም ሚዛን ይሉኝታ አያውቅም። ከሰው ሁሉ አብልጬ እሱን ያመንኩት ለዚህ ነበር።

ያን ዕለት መመዘኛ ክፍሉ ወንድ ስለማያስገባ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። የሌላ ሰው ሚዛን ስለማላምን የአዳራሻችንን ሚዛን በአውቶቡስ ጭኜ አምጥቼው ነበር። እሱ ላይ አወጣሁሽ። መርፌው መጣና ልክ መስመሩ ላይ ቆመ፤ ከሱ በኋላ እንደዚያ ቀጥ ብሎ የቆመ መርፌ አላየሁም። «ልክ ነሽ፤ ግቢ» አልኩሽ። ከንፈርሽ ተሰነጣጥቆ ነበር። ግድግዳው ሥር ጠረጴዛ ላይ ለዳኞች የተቀመጠ ጃግ ነበር። ሄድሽና ብርጭቆ አነሳሽ። እስከ አፉ ሞላሽው። ብትቸኩዪ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ አልቸኮልሽም።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኩሽ።

ዓይኔን እያየሽ ጠጣሽው፤ ብርጭቆውን በቦታው መለስሽ፤ ገባሽ።

ወዲያው መዛኟ ብቅ አለች። «የማን ናት ይቺ? ሩብ ኪሎ በልጣለች። ጊዜ አላት፤ ትሩጥና ትምጣ» አለች። ውሃ ልክ የራሱን ያህል ነው የሚመዝነው። ሩብ ኪሎ ለአንቺ ምን ነበር? ደረጃውን ጥቂት ጊዜ ወጥቶ መውረድ ነው። አንቺ ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጥሽ። «ተነሺ» አልኩሽ። «ተነሺ እንጂ!» ሰው እያየን ነበር። ሌሎቹ አሰልጣኞች ፊታቸውን አዞሩልኝ፤ አዝነውልኝ ይሆናል፤ እኔ ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ደወሉ እስኪደወል ድረስ እዚያው ተቀመጥሽ። ከተደወለ በኋላ ቀና ብለሽ «ጠማኝ፣ አባባ» አልሽኝ። በአውቶቡሱም ሚዛኑን በመካከላችን አስቀምጠን፣ አንቺ በመስኮት እኔ ወደ ፊት እያየን ቤታችን ገባን።

ከዚያ በኋላ ምንጣፍ አልረገጥሽም። ከተማችንንም ለቀሽ ሄድሽ። ሠርግሽ ላይ ያልመጣሁት ቦይለሩ ተበላሽቶብኝ ነበር፤ ይህን ያኔም ነግሬሻለሁ።

አዳራሹ አሁን የሶፋ መሸጫ ሆኗል። ሲለቀቅ ሚዛኑን ቤቴ አመጣሁት። መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። በየጠዋቱ እወጣበታለሁ፤ ይህም የሆነው ሐኪሟ ልብህ ውሃ መግፋት ሰንፏል ስላለችኝ ነው። እንዲህ አላለችም፤ በአክብሮት ነው ያለችው። «አባባ፣ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ስስ ልብስ ለብሰው ይመዘኑ። በድንገት ከጨመረ ይደውሉልን። በቀን የሚጠጡትም ከዚህ ጠርሙስ አይለፍ» አለች። ለእኔ ነው ምዘና የምታስተምረኝ! እንደ ደንቡ ጥፍሬን ሳይቀር ቆርጬ ነው የምወጣው። የሚያየኝ የለም፤ ቢሆንም ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ከእኔ በታች የምትኖረው ልብስ ሰፊ ሚዛኑ ሲንኳኳ ትሰማለች። «አባባ፣ በየጠዋቱ የሚመዘኑት ሊሸጡ ነው እንዴ?» ትለኛለች ደረጃው ላይ።

«አጥንት የበዛበትን ማን ይገዛል ብለሽ ነው?» እላታለሁ።

«ለሾርባ አያጣም» ትላለች። ምላሷ ከመቀሷ ይበልጣል።

አንድ ቀን ስለ አንቺ አጥብቃ ጠየቀችኝና የብርጭቆውን ነገር ነገርኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አየችኝ። «አንድ ብርጭቆ ውሃ? ይህን ሁሉ ዘመን የተኳረፋችሁት በአንድ ብርጭቆ ውሃ ነው?»

«አልተኳረፍንም። በየወሩ እንደዋወላለን።»

«ምን ትባባላላችሁ?»

«ስለ ዝናብ እናወራለን።»

«ይኸው፣ እሱም ውሃ ነው!» አለችና ሳቀች። እኔ እንዳልሳቅሁ ስታይ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ስፌቷን ቀጠለች። እንድታሳጥርልኝ የወሰድኩላትን ሱሪ ይዤ ተመለስኩ። አሁንም እንደ ረዘመ ነው፤ አጥፌው ነው የምለብሰው።

ጠርሙሱን ጠዋት ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አቆመዋለሁ። እኔ በዚህ ወገን፣ እሱ በዚያ ወገን ሆነን እንተያያለን። ቤት ውስጥ የምጠብቀው ሌላ ነገር የለኝም። ከቀትር በኋላ ይጋመሳል፤ ምሽት ላይ ታቹ ብቻ ይቀራል። ልብስ ሰፊዋ ሳህን ስታጥብ የቧንቧው ድምፅ በወለሉ በኩል ይመጣል፤ ሬዲዮ ከፍቼ አፍነዋለሁ። አንዳንዴ አፌን ተጉመጥምጬ እተፋለሁ። ይህን ዘዴ ለአንቺ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ዘዴው አይሠራም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ቧንቧው ሥር አጎንብሼ ጠጣሁ። በብርጭቆ እንኳ አይደለም። አገጬና ደረቴ እስኪርስ ድረስ ጠጣሁ። በማግስቱ ሚዛኑ ተናገረ፤ እኔም ደንብ ነውና ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ነርስ ልጅ ናት። «አባባ፣ ነግረንዎት የለም እንዴ? ለምን ጠጡ?» አለችኝ። ልትቆጣኝ አልፈለገችም፤ ድምፅዋ ያስታውቃል። ቆሜ መልስ ፈለግሁ። ይህን ያህል ዘመን በነገር የሚረታኝ አልነበረም።

«ጠማኝ» አልኳት።

ኪሎውን አጻፍኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ነገሬን ከነገርሽ ጋር ላመሳስለው አይደለም። የእኔ የሐኪም ትእዛዝ ነው፤ የአንቺ ሻምፒዮና ነበር። አንድ አይደሉም። ስለ ጤናዬም ብለሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ትናንት ደውዬ ስለ ዝናቡ የጠየቅሁሽ ይህንኑ ልነግርሽ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ወረቀት ይሻለኛል። ዛሬውኑ በፈጣን መልእክት እልከዋለሁ፤ ከውድድሩ በፊት ይደርስሻል።

ልጅቷ አንድ ግራም አትቀንስም። ይህን እንዳነበብሽ እራቷን አብያት። በላይኛው ምድብ ትግባ። እዚያ አንዲት ኃይለኛ ልጅ አለች ብለሻል፤ ትኑራ። ትጣላት። ምንጣፍ ላይ መውደቅ ለታጋይ ነውር አይደለም፤ ምንጣፉ የተነጠፈው ለዚያ ነው። አሰልጣኟ ቢቆጣ አያቷ ነው ያለው በይው። አያቷ ደግሞ ማን ነው ካለ፣ ሰው ክብደት በማስቀነስ እሱን የሚያህል አልነበረም በይው። እውነት ነው፤ አልነበረም።

እሷ ራሷ እምቢ ካለችሽ፣ ልትልሽም ትችላለች፣ ዘሯ ነውና፣ አትጩኺባት። ጩኸት አይሠራም። አጠገቧ ተቀመጪ።

የምዘናው ጠዋት አንቺ ኮሪደሩ ላይ ሁኚ። ሙሉ ጠርሙስ ያዢ። ከሚዛኑ ስትወርድ ስጫት። ሳትወጣም በፊት ጠማኝ ካለችሽ ያኔውኑ ስጫት። «ቆይ» አትበያት። ስትጠጣ ደግሞ ፊቷን እያየሽ አትቁሚ፤ ዞር በይላት፣ በሰላም ትጠጣ።

ይህ የአሰልጣኝ ምክር ነው። ሌላ ነገር አትፈልጊበት።

ፈጣሪ የልጅሽን ጉልበት ያጽናላት። ባለቤትሽን በሥራው ይባርክልሽ። አንቺንም፣ ላባዬ፣ ክፉ አይንካሽ፤ ከቤትሽ የሚበላ አይጉደል፣ የሚጠጣም አይጥፋ።

የዚያን ብርጭቆ ነገር መግቢያው ላይ ጽፌዋለሁ፤ ጽፌም ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ በስልክም ሆነ በደብዳቤ፣ እግሬም ችሎ ቤትሽ ብመጣ፣ አላነሳውም። አንቺም እንዳታነሺብኝ።

አባትሽ