ግንባሬ ላይ የበራው ፍም

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሰቢሪና፣ ብድሬ ከተማ።

አሰላሙ ዓለይኩም፤ የሲናና ማሳ የገብስ ዛላ ያህል የበዛ ሰላምታዬ ይቅደም። ለመላው ቤተሰብ በክብር የሚገለጽ፦ ዶሮዋ ባርኔጣዬ ውስጥ እንቁላል ጥላለች።

እኔ እንደሆነ ባርኔጣ አልፈልግም፤ ሁለት ቀን ፀሐይ እንዳያየኝ ታዝዣለሁ። ዶክተር ሶረቲ ግንባሬ ላይ የሻከሩት ነጠብጣቦች ካንሰር ሳይሆኑ ይነሱ ብላ ጎባ ሆስፒታል ቅባት ቀባችኝ። ሦስት ሰዓት ሸፍና አቆየችኝና፣ ክፍሉን አጨልማ ሰማያዊ መብራት አብርታ መስታወት ሰጠችኝ። ፊቴ የለም። ቅባቱ የለየው የታመመ ቆዳ ብቻ እንደ ቀይ ፍም በጨለማው ይንሳፈፋል። ሁለት የምላቸው ነጠብጣቦች ዘጠኝ ሆነው ተገኙ። ቀጥላ ማቃጠያውን ቀይ መብራት ስትለቅባቸው እንደ ጉንዳን ነከሱኝ።

አሁን መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ አያትሽ ዙሀይራ አምፖልም ከልክላለች። ጠያቂዎች ፊታቸው ሳይታይ ዙሪያዬን ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። ትናንት አንዱ ድምፅ፣ "ደግ ሰው ነበር" አለ።

"ነበር?" አልኩ።

ዱዓው ቀጠለ።

ይህን ቀለም የሌለው ቆዳ ከእኔ የወረስሽ አንቺ ብቻ ነሽና፣ ፎቶሽን ለዶክተሯ አሳየኋት። "ቆንጆ ናት፤ እርስዎን አትመስልም" አለችኝ። አንቺ የምትውይበት የብድሬ ከብት ገበያ ጥላ የለውም አሉ። ንግዱን ለሳምንት ለባልሽ ብትተዪለትስ? አያትሽ የገብስ ዱቄቱን በቅቤ አሽታ ጩኮ ሠርታ ትጠብቅሻለች።

አላህ በጥላው ያኑርሽ።

አያትሽ ቀመር፣ ከሮቤ

በዱዓ መካከል ዋሽቼ እንዳላድር አንዱን ላርም። "ቆንጆ ናት" የሚለው የእኔ ፈጠራ ነው። ዶክተሯ ፎቶውን አስጠግታ፣ ጆሮሽ ሥር ባለችው ነጠብጣብ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ "መቼ ትመጣለች?" ነው ያለችው።