ሲራጅ የሚባለው ጆንያ

ከሚሴ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለኢልሃም አባት፣ ለሲራጅ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታው ከልቤ ነው። ከሰላምታው በታች ያለው ግን ከንዴቴ ነውና ተዘጋጅተህ አንብበው። በስልክ እንዳልነግርህ፣ ነገሩ ሲጠነክርብህ «ኔትወርክ የለም» ትልና ትዘጋብኛለህ። የድምፅ መልእክት እንዳልልክልህ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮህ ይሰማል። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ። የጎረቤታችን ልጅ ዙቤይዳ እረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ በእጅህ ትሰጥሃለች። ወረቀት ስለማይዘጋ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ባለፈው ሳምንት በላክልኝ ድምፅ «ስፖርት የምትይውን ነገር ተዪ፣ በደንብ ብዪ፣ ሰው እየሳቀብን ነው» ብለሃል። ለሱ መልስ አለኝ፤ ይቆይ። መጀመሪያ ይህን ስማ። ከክረምት ጀምሮ የደበቅከኝን ሁሉ አውቄያለሁ። ከፎቅ ሥራ ላይ መውደቅህን አውቄያለሁ። ጀርባህ መሰበሩን፣ እግሮችህ እሺ እንደማይሉህ፣ የአገር ልጆች እየተፈራረቁ እንደሚያነሱህ አውቄያለሁ። ወደ አገር ከሚመለሱት ጋር ተመዝገብ ሲሉህ «ሸክም ሆኜ አልገባም» ማለትህን፣ ለወንድምህ ለሙህዲንም «ልፍታትና ነፃ ትውጣ» ብለህ መላክህን አውቄያለሁ። ስለዚህ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» የሚለውን ነገር ተወኝ። ካሜራው ተበላሽቷል ብለህ ፊትህን ስትደብቀን ኢልሃም «አባዬ ካሜራውን መቼ ነው የሚያሠራው?» እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። የልጅህ ነገር እንኳን አላሳዘነህም።

አሁን ስለ ስፖርቱ ልንገርህ፤ ሙህዲን የነገረህ ሌላ ነውና።

አንተ ገንዘብ መላክ ከጀመርክ ወዲህ ለኔ የተሰጠኝ ሥራ መብላት ብቻ ይመስል ነበር። ማኛ ጤፍ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ፣ ጧት ማታ ለስላሳ። እናትህ እማ ፋጡሜ ሳህኔ ጎደል ሲል አልጋዋ ላይ ሆና «ብዪ እንጂ! የልጄ ላብ አይደለም ወይ?» ትላለች። ትንሽ ቆይቶ ከገበያ እስከ ቤት ለመምጣት መንገድ ላይ እየቆምኩ ማረፍ ጀመርኩ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ስኳሬን ለክታ «አፋፉ ላይ ነሽ፤ ወይ ትንቀሳቀሻለሽ ወይ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ» አለችኝ። ተንቀሳቀስኩ። ጥፋቴ ይህ ነው።

ብፅዓትን ታውቃታለህ፣ የሁለተኛ ደረጃዋን የስፖርት አስተማሪ። ግቢዋ ውስጥ እህል ይቀመጥበት የነበረውን ክፍል አጽድታ ለሴቶች ብቻ የስፖርት ቤት አድርጋዋለች። በሩ ይዘጋል፣ መጋረጃም አለው፣ ወንድ ዝር አይልም። ዕቃው የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልታ በብረት ቱቦ ያያያዘችው ነው፤ የመኪና ጎማና ገመድም አለ። የመጀመሪያ ቀን ቁጭ ብድግ አሠራችን። በልጅነታችን ስንረብሽ መምህር የሚቀጣንን ቁጭ ብድግ! ለመቀጣት ነው ወይ የመጣሁት ብዬ ልወጣ ነበር። ብፅዓት ግን «መሪማ፣ የደከመው ጉልበትሽ አይደለም፤ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ጭንቅላትሽ ነው። አንድ ብቻ ጨምሪ» አለችኝ። ጨመርኩ። በማግስቱ መቀመጥም መነሳትም አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ ስሄድ እናትህ ጂን የነካኝ መስሏት ቁርኣን ልታስቀራልኝ ነበር።

ምግቡንም ለወጥኩ። ለስላሳውንና ስኳሩን ተውኩ፣ ዘይቱን ቀነስኩ። የማሽላ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ከጨፋ ሮቢት የሚመጣ ወተት። ኸረ ማሽላ በመብላቴ የተነሳብኝ ወሬ! የጨፋ ሜዳ ሁሉ የሚያበቅለው፣ አንተም እኔም ያደግንበት እህል፣ የአረብ አገር ሰው ሚስት ስትበላው ነውር ሆነ። «የሲራጅ ሚስት ወደ ማሽላ ወረደች፤ ገንዘቡ ቆሟል» ተባለ። ሰርግ ቤት ለስላሳ አልጠጣም ስል «ኮራች» አሉኝ። ስከሳ «ታማለች» አሉ። ጧት ጧት ከሁለት ሴቶች ጋር በቦርከና ወንዝ በኩል ስንሮጥ ሲያዩን «ሌላ ሰው አይታለች» አሉ። እውነት ታምሜ ሳለሁ አምሮብሻል ስባል ኖሬ፣ ስድን ታመመች ተባልኩ። መራመድ ያቃተኝ ጊዜ የባሌ ክብር ነበርኩ፤ ቀጥ ብዬ ስሄድ የባሌ ውርደት ሆንኩ። ይህን የሚያስረዳኝ አንድ ሰው በከሚሴ ጠፋ።

ሙህዲን ይህን ሰምቶ አላስቻለውም። አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሼህ ጀይላንንና ሁለት ሽማግሌዎችን ይዞ ቤታችን መጣ። ክሱን ደረደረ። ትዘላለች፣ በር ዘግታ ብረት ታነሳለች፣ ስማችንን ታስጠፋለች። እኔም «ወላሂ ሙህዲን፣ ብረት ማንሳት በየትኛው ኪታብ ነው ሐራም የሆነው? ሼሁ እዚህ አሉ፣ ይንገሩኝ» አልኩት። ሼህ ጀይላን ጺማቸውን ይዘው ፈገግ ሲሉ ሙህዲን ባሰበት።

«ኸረ አታፍሪም! ወንድሜ እዚያ ጀርባው ተሰብሮ ተኝቶ አንቺ እዚህ ትዘያለሽ!» ብሎ ጮኸ።

የሁሉንም ፊት አየሁ። እናትህ መሬት መሬት አየች። ሽማግሌዎቹ ሙህዲንን በቁጣ አዩት። የደነገጠ ሰው ግን አንድም አልነበረም። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ሲራጅ፣ ያቺን ሰዓት ይቅር ለማለት ገና ብዙ ይቀረኛል። ሰው ሲሞት እንኳን እዚህ አገር ጎህ ሲቀድ መጥተው ያረዳሉ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ አብሮህ ያለቅሳል፣ ይይዝሃል። አንተ ግን ስላልሞትክ ማንም አላረዳኝም። እኔ ገበያ ውዬ፣ ስቄ፣ ሰርግ ሄጄ ጨፍሬ ገብቻለሁ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አንተ ጣሪያ እያየህ ተኝተሃል። ስጨፍር ያዩኝ ሰዎች ምን አሉ? «ምስኪን፣ አታውቅም» ተባብለው ይሆናል። ምስኪን አይደለሁም፣ ሚስትህ ነኝ! ከእናትህና ከወንድምህ እኩል፣ እንዲያውም ከነሱ በፊት፣ ሊነገረኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ ሼህ ጀይላን ቀሪውን ነገሩኝ፤ አልመለስም ማለትህን፣ ፍቺውን። «ልጄ፣ ሊጎዳሽ ብሎ አይደለም፤ አዝኖልሽ ነው» አሉኝ። እኔም «አባቴ፣ ከኔ እንደደበቃችሁት፣ እስክዘጋጅ ድረስ ማወቄን ከሱም ደብቁልኝ» አልኳቸው። እስካሁን አንተ ምንም አለመስማትህ የመደበቅ ችሎታቸውን ያሳይሃል።

በማግስቱ ብፅዓት ጋ ሄድኩና ሰላም ሳልላት ብረቱን አነሳሁ፣ ጣልኩ፣ አነሳሁ፣ ጣልኩ። «ዛሬ በማን ላይ ነው?» አለችኝ። ያኔ አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። ነገርኳት። አባቷ አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ያስታመመቻቸው እሷ ናት፤ አንስታ ታጥባቸው፣ አንስታ ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። አላጽናናችኝም። «ስንት ኪሎ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ወደ ጅዳ ልትሄድ ስትመረመር ስልሳ ስምንት ነበርክ። ትልቅ ጆንያ አመጣችና ከቦርከና ዳር አሸዋ አስመጥተን መጀመሪያ ግማሹን፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት እየጨመርን ስልሳ ስምንት አደረስነው።

ጆንያው ስም ወጥቶለታል። ሴቶቹ ሲራጅ ይሉታል። «ዛሬስ ሲራጅ እሺ አለሽ ወይ?» ይሉኛል። እሺ አይልም፤ እንዳንተው ግትር ነው። እግሬን ከፈት አድርጌ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ከደረቴ አስጠግቼ አቅፈዋለሁ። ትንፋሼን እያወጣሁ በጉልበቴ እነሳለሁ፤ በወገቤ ከተነሳሁ ብፅዓት ትቆጣለች። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ምንጣፍ፣ ከምንጣፍ ወደ አልጋ። አንተ ስልክ ስትዘጋብኝ በማግስቱ የምሰድበው እሱን ነው። ብፅዓት ታዲያ «ንዴትሽን በአፍሽ አትጨርሺው፤ ወደ ጉልበትሽ አውርጂው» ትለኛለች። በፊት ስናደድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ትንፋሼን እይዝና የምሠራውን እሠራለሁ። ይህን ሁሉ ስጽፍልህ ፊደሌ ያልተንጋደደው ለዚህ ነው።

ባለፈው እሑድ ሙህዲን ተመልሶ መጣ። «እንግዲህ ለሲራጅ ምን እንበለው?» አለኝ።

«ይምጣ።»

ሳቀ። «ይምጣ! መጥቶስ ማን ሊያነሳው? እኔ ሱቄን ዘግቼ? ወይስ አንቺ ነሽ የምታነሺው?»

እናትህን ታውቃታለህ፣ ጉልበቷ አብጦ ሁለት ሰው ካልደገፋት ከአልጋዋ አትነሳም። ሄጄ «እማ፣ ፀሐይ ልትሞቂ ነው፤ አንገቴን ያዢ» አልኳት። «ያ ረቢ! ልትጥለኝ ነው! ልቀቂኝ!» እያለች ጮኸች። እግሬን ከፈትኩ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ አቀፍኳት፣ ተነሳሁ። እናትህ ካንተ ትከብዳለች፣ አትቀየም። በሩን አልፌ ግቢው ውስጥ ያለው ወንበር ላይ ቀስ ብዬ አስቀመጥኳት። ሻሿ ወልቆ እንደ ልጅ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረና እጄን ያዘችኝ። «ኢልመኮ ናፍ ፊዲ» አለችኝ። ልጄን አምጪልኝ ብላ እኔን ነው የለመነችኝ፤ ሙህዲን አጠገባችን ቆሞ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽላውን አብራኝ ትበላለች። ለስላሳዋን ግን እስካሁን ከአልጋዋ ሥር ትደብቃለች፤ መደበቅ መቼም የቤታችሁ ነገር ነው።

«በደንብ ብዪ» ብለኸኛል። አንተስ ምን እየበላህ ነው? እንግዲህ አንተ ስታዝ ቆይተሃል፣ አሁን እኔ ልዘዝ። እጅህ ደህና ነው ብለውኛል። ሁለት ሃይላንድ ውሃ ሙላና ጧትም ማታም እያነሳህ አውርድ። አልጋውን ይዘህ ራስህን በክንድህ ከፍ አድርግ። ሲያምህ ተው፤ ሲሰለችህ ግን አትተው፤ አንድ ጨምር። ሩዝ ብቻ አትብላ፤ ምስር፣ እንቁላል፣ እርጎ እንዲያመጡልህ ንገራቸው። እኔ ሳነሳህ አንገቴን የምትይዘው በዚያ ክንድህ ነው። የበሩን ደፍ አስቆርጫለሁ። ለመጸዳጃ ቤቱ ብየዳ ቤት ወንበር አሠርቻለሁ። ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። ቦሌ ድረስ እኔው መጥቼ እቀበልሃለሁ።

ረመዳን ሳይገባ ከሚመለሱት ጋር ተመዝገብ። ፍቺውን በስልክ ብትለኝ አልሰማህም፤ በሙህዲንም በሽማግሌም ብትልክብኝ አልቀበልም። ልትፈታኝ ከሆነ እዚህ መጥተህ፣ እኔ አንስቼ ባስቀመጥኩህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ፊቴን እያየህ በል። ነፃ ትውጣ ብለሃል አሉ። ማን አስሮኝ ነው ነፃ የምታወጣኝ? ሸክምስ ስትል የማን ሸክም ነው? እኔን የከበደኝ አንተ እዚያ መሆንህ ነው፤ እዚህ ብትሆን እችልሃለሁ።

ለኢልሃም ነግሬያታለሁ፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ መደበቅ የለም። አለቀሰች፣ ከዚያ «አባዬ የሚቀመጥበት ወንበር ጎማ ይኖረዋል ወይ?» አለችኝ። ይኖረዋል ስላት «እኔ ነኝ የምገፋው» ብላ ቦታዋን ያዘች።

አላህ ጀርባህን ይጠግንልህ፤ ካልጠገነውም ትዕግሥቱን ለሁለታችን አንድ ላይ ይስጠን። የሚያነሱህን የአገር ልጆች ክንዳቸውን ያጽናው፤ እኔ እስክረከብህ ድረስ አደራ በላቸው። እናትህ ዱዓ እያደረገችልህ ነው፤ እኔም ተናድጄም ቢሆን አልተውኩም።

ሚስትህ፣
መሪማ

ይህን ልረሳው ነበር። ጆንያው አሁንም ስልሳ ስምንት ኪሎ ነው። ሙህዲን ሲናገር አንድ ቀን «በጣም ከስቷል» የሚል ቃል አምልጦታል። አንዱ አቅፎህ ሚዛን ላይ ይውጣና የራሱን ይቀንስ፤ ስንት ኪሎ እንደቀረህ እውነቱን በዙቤይዳ በኩል ንገረኝ። አሸዋውን እቀንሳለሁ። ለልምምዱ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።