የኤንትሬዬ ግንባር ጌጥ

ህዳር 17 ቀን 2017፣ መሐል ሜዳ

ዛሬ የአሮጌዋን የጭነት መኪናዬን፣ የኤንትሬዬን፣ የግንባር ጌጥ ፈትቼ አወረድኩ። ክረምት ላይ ከድንጋይ አጥር ጋር አጋጭቻት ጎድጉዶ ነበር። ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድ እያሸች ታበራ የነበረው እሱን ነው። ለሙት ዓመቷ አቃንቼ ልመልሰው ብዬ ነበር።

ማረሻ ሳሾል የኖርኩ ሰው ነኝ። ብረት የሚመታው ሲቀላ ነው። ጌጡን ፍም ውስጥ ከተትኩትና ወናፉን ነፋሁ። ጎረቤቴ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ታደሰ በአጥር አሻግሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ ያ እኮ አሉሚኒየም ነው! አይቀላም። እሳት ሳያስነኩ ከጀርባው በእንጨት ቀስ አድርገው ይምቱት።»

«አንተ ሳትወለድ ብረት አውቃለሁ።»

«ታዲያ ድስት ሲቀላ አይተው ያውቃሉ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ መቅላቱን ጠበቅሁ። ሳይቀላ፣ ዓይኔ እያየ፣ እንደ ሞራ ቀለጠ።

ታደሰ ሳቁን ትቶ መጣ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ሌላ ይገኛል» አለኝ።

«ሆን ብዬ ነው ያቀለጥኩት» አልኩት። ያመነኝ መስሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ለዚህ ደብተር ግን አልዋሽም፤ እንደሚቀልጥ አላወቅኩም ነበር። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱም አልመጣም። እጄ ብቻ ወናፉን አልለቅ አለኝ። ባዶውን ፍም እስኪያልቅ ድረስ ስነፋ ዋልኩ።