ሁለት ዓመት በእጄ የቆየ መርዶ

ዛሬ ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በመቐለ ከተማ ዓዲ ሓቂ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ እኔ ሸዋወርቅ በለጠ፣ የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት፣ አእምሮዬ ሳይዛባ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ነፍሴን ለፈጠራት፣ ይህን ወረቀት ለሕግ አስረክባለሁ። አእምሮዬን የሚጠራጠር ካለ ትናንት የወሰድኩትን መድኃኒት በስሙና በሚሊግራሙ ይጠይቀኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ነበርኩ፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ያገለገልኩት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው።

የሚጽፍልኝ በግቢዬ ተከራይቶ የሚኖረው የዩኒቨርሲቲ መምህር ፈንታሁን ነው። ቃሌን እንዳያሳምርብኝ አስጠንቅቄዋለሁ። ምስክሮቼ የንስሐ አባቴ ቀሺ ገዛኢ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ረምላ፣ የአጥር ተዋሳኜ አቶ ነጋ ናቸው፤ ፈንታሁንም አራተኛ ሆኖ ይፈርማል። የልጄ ሚስት ሮማነወርቅ ወጥ ቤት ውስጥ ናት። ስለ ቤትና ስለ ዕቃ እናገራለሁ፤ ሰው የጠራሁበት ጉዳይ ግን አንድ ነው። ልጄ ታዲዮስ ሞቷል። እኔ አውቃለሁ፤ ሚስቱ አታውቅም። የደበቅኳት እኔ ነኝ።

ረምላ አፏን ይዛለች። ቆይ ረምላ፣ በተራ እደርስበታለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሕመሜ። የቤቱ ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው ይለኛል። ሐኪሙ ውጤቱን ለሮማነወርቅ በሹክሹክታ ነግሮ እኔን «አጥሚት ጠጪ» አለኝ። የምርመራውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥቼ አንብቤዋለሁ፤ ጉበቴን ይዞታል፤ ለፋሲካ አያደርሰኝም። አልተቀየምኳትም። በእኛ አገር ለታማሚ ሞቱን መንገር እንደ መግደል ነው የሚቆጠረው፤ በዚህ ቤት ደግሞ የመደበቅ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ሞትን አልፈራም ብዬ ላጽፍ አስቤ ነበር፤ ውሸት ስለሆነ ተውኩት። እፈራለሁ። ከፍርሃቱ የሚብሰው ሁሉም እያወቀ እኔ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ መተኛቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ጨጓራ የሚል ሰው በበሬ አይግባብኝ።

አንደኛ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ያደረግሁትን ኑዛዜ ሽሬዋለሁ። እዚያ ላይ ሮማነወርቅ ሌላ ባል ካላገባችና ከዚህ ግቢ ካልወጣች ብቻ ቤቱን ትውረስ ብዬ ነበር። ያንን ያስጻፍኩት ልጄ መሞቱን ባወቅሁ በሦስተኛው ወር ነው። ከመሳቢያዬ አውጡና ቅደዱት።

ሁለተኛ፣ የዚህ ቤትና የግቢው እኩሌታ ለልጅ ልጄ ለኤልሻዳይ ታዲዮስ፣ እኩሌታው ለሮማነወርቅ ይሁን። ሕፃኗ እስክታድግ የእሷንም ድርሻ እናቷ ታስተዳድርላት። ምንም ቅድመ ሁኔታ የለበትም። ብትሸጠው፣ ብታከራየው፣ ውቅሮ አባቷ ቤት ብትመለስ፣ ትዳር ብትይዝ የእሷ ፈንታ ነው። የምለምናት የተከራዩትን ተማሪዎች የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ እንዳታስወጣቸው ብቻ ነው። የሮቶው ቁልፍም በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ በምትመጣበት ሰፈር፣ ቁልፍ የያዘ ሰው ከተማውን የሚያጠጣው የዓይናለም ጉድጓድ በሙሉ የእሱ ይመስለዋል።

ሦስተኛ፣ አቶ ነጋ አጥሩን ወደ እኔ ግማሽ ሜትር ገፍቷል። ለዘጠኝ ዓመት ቀበሌ ስንመላለስ አልገፋሁም ሲል ኖሯል፤ አሁንም እዚህ ተቀምጦ ጣራ ጣራ ያያል። ክሴን አንሥቻለሁ። መሬቱን ይዘህ ኑር፤ ለሮማነወርቅ ግን የቀረውን እንዳትነካባት።

አራተኛ፣ የደም ግፊት መለኪያዬን ለረምላ ሰጥቻለሁ። ፈንታሁን «ምስክር የሆነ ሰው አይወርስም» እያለ ሕግ ይጠቅስብኛል። እንግዲያው ውርስ አይባል፤ ረምላ፣ ያውልሽ ጠረጴዛው ላይ፣ በቁሜ ሰጥቼሻለሁ። በቀን አሥር ጊዜ መለካቱን ተዪና ጨውሽን ቀንሺ።

አምስተኛ፣ ወረቀቱ። በቁምሳጥኔ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር፣ የታዲዮስ ስምዖን ስም ያለበት የመርዶ ወረቀት አለ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የጦርነቱ ሙታን መርዶ በየቤቱ ሲነገር የተሰጠኝ ነው። ነጋሪዎቹ በማለዳ መጡ። ሮማነወርቅ ልጇን ይዛ ቁሓ እኅቷ ዘንድ አድራ ነበር። ሰዎቹን አስቀመጥኳቸው፤ አላለቀስኩም። «ሚስቱን እኔ እነግራታለሁ፤ ሙያዬ ነው» አልኳቸው። አምነውኝ ሄዱ።

እውነትም ሙያዬ ነበር። ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ለስንቶቹ ነርሶች አስተምሬያለሁ። ቁጭ ብላችሁ ንገሩ፤ ስልካችሁን አጥፉ፤ «ደከመ» ወይም «አረፍ አለ» አትበሉ፣ «ሞተ» በሉ፤ ከዚያ ዝም በሉ። ግድግዳው ላይ «ጽናት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ለጥፈን ነበር፤ ልጆቿን ያጣች እናት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስታለቅስ ያንን ጽሑፍ ቀድጄ መጣል ያምረኝ ነበር። በዚያ ክፍል የተማርኩት ቀላል ነገር ነው። የተነገረው ሰው ይወድቃል፣ ይተኛል፣ ምግብ እንቢ ይላል፤ አንድ ቀን ፊቱን ታጥቦ ወደ ደጅ ይወጣል። ያልተነገረው ሰው በር በር እያየ ያረጃል።

ይህን እያወቅሁ ሮማነወርቅን በር ስታይ ተውኳት። ከእስር የተለቀቀ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር የባሏን ፎቶ ይዛ ትሄዳለች። በየበዓሉ ዋዜማ ጫማውን ቀለም ትቀባለች። ልጅቷን «አባትሽ ለትንሣኤ ይመጣል» ትላታለች፤ ትንሣኤ ሲያልፍ «ለመስቀል» ትላታለች። አምና ሔሩይ የሚባል መልካም መምህር ሽማግሌ ሲልክባት በሩ ላይ ቆሜ «ልጄ በሕይወት አለ» ብዬ መለስኳቸው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀሺ ገዛኢ ነበሩ። ለካህን መዋሸቴን ዛሬ በምስክር ፊት አምናለሁ።

ለምን ደበቅሽ ብትሉኝ፣ እንዳትጎዳብኝ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ከንቱ ነው። ባሏ መሞቱን ካወቀች ሕፃኗን ይዛ ትሄዳለች፣ በባዶ ቤት እቀራለሁ ብዬ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ ስል ነገ፣ ነገ ስል ከበዓሉ በኋላ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል ይባላል፤ መርዶም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እኔ ከሞትኩ በኋላ፣ በአርባዬ ማግስት፣ ቀሺ ገዛኢ ወረቀቱን ለሮማነወርቅ እንዲሰጧት

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ እዚህ ላይ ቀሺ ገዛኢ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። ከዚህ በታች ያለውን ወይዘሮ ሸዋወርቅ «የተባለውን እንደተባለ ጻፍ» ብለው ባዘዙኝ መሠረት ጽፌያለሁ።

ቀሺ ገዛኢ፦ «ሲስተር፣ ይሄንን አልቀበልም። አንቺ ከሞትሽ በኋላ ሮማነወርቅ ማንን ትቆጣ? መቃብርሽን?»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «ለዚሁ እኮ ነው አባ።»

ቀሺ ገዛኢ፦ «አውቄአለሁ። ለዚሁ ነው እንቢ ያልኩሽ።»

 ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «ኤልሻዳይ የት ናት?»

ወይዘሮ ረምላ፦ «ትምህርት ቤት ናት፣ ሓብተይ፣ እኅቴ።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «ሮማንን ጥሪያት።»

ሮማነወርቅ አጥሚት በኩባያ ይዛ ገባች። አራታችንንም አየችን።

ሮማነወርቅ፦ «ኣደይ፣ እናቴ፣ እንታይ ኮይንኪ? ባሰብሽ እንዴ?»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «ኩባያውን አስቀምጪና እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ፣ ልጄ። ታዲዮስ ሞቷል።»

ከዚህ በኋላ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ዝም አሉ። 

ሮማነወርቅ፦ «መቼ?»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «በመስከረም 2015።»

ሮማነወርቅ፦ «አንቺስ መቼ ሰማሽ?»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «በጥቅምት 2016። ሁለት ዓመት ደብቄሻለሁ። ጥለሽኝ እንዳትሄጂ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ሮማነወርቅ ቀሺ ገዛኢን አየቻቸው፤ አንገታቸውን ደፉ።

ሮማነወርቅ፦ «እንግዲህ ማንም አላለቀሰለትም ማለት ነው?»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «እኔ አልቅሼለታለሁ። ከመርዶው በኋላ በወሩ ደብረ ብርሃን ያለው ወንድሜ ልጁ በዚያው ጦርነት በወዲያኛው ወገን መሞቱን በስልክ ነገረኝ። እዚህ ግቢ ድንኳን አስተከልኩ። ያንን ልጅ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። ሦስት ቀን ደረቴን የደቃሁት ለታዲዮስ ነው።»

ሮማነወርቅ፦ «ንፍሮውን የቀቀልኩት እኔ ነበርኩ።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «አንቺ ነበርሽ።»

ሮማነወርቅ፦ «ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። ‹ኣደይ ለወንድሟ ልጅ እንዲህ ከሆነች ለራሷ ልጅማ እንዴት ልትሆን ነው› ብዬ ታዲዮስን በደህና እንዲያመጣልሽ ተሳልኩ። ለአንቺ ተሳልኩ።»

 ሮማነወርቅ ቁምሳጥኑን ከፍታ አንሶላዎቹን ወለሉ ላይ ጣለች፤ ወረቀቱን አገኘችው፤ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥታ ጮኸች። ጩኸቷን በፊደል መጻፍ አልቻልኩም። ተማሪዎቹ ከየክፍላቸው ወጡ፤ አቶ ነጋ ሊደግፏት ሮጡ፤ ወይዘሮ ረምላ «ወይለይ! ወይለይ!» እያሉ ተከተሏቸው። ጎረቤት በበሩ መግባት ጀመረ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ የልጃቸውን ስም ይጠሩ ነበር፤ በዚህ ግቢ በኖርኩበት ጊዜ በልቅሶ ስሙን ሲጠሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሮማነወርቅ ሁለት ነጠላ ይዛ ተመለሰች።

ሮማነወርቅ፦ «ይቅር አላልኩሽም፣ ኣደይ።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «አትበይኝ። እኔም አልጠይቅሽም።»

ሮማነወርቅ፦ «ድንኳኑ እንደገና ይተከላል። አሁን በስሙ። ተነሺ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቄ ላልብስሽ።»

ወይዘሮ ሸዋወርቅ፦ «መቀመጥ አልችልም፣ ልጄ።»

ሮማነወርቅ፦ «ግድግዳውን ተደግፈሽ ትቀመጫለሽ። ሰው እየመጣ ነው፤ እናቱ ነሽ።»

የጸሐፊው ማስታወሻ እዚህ ላይ አበቃ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ ነጠላ እየለበሱ የቀረውን ቃል በራሳቸው አንደበት ሰጥተዋል።

አምስተኛው አንቀጽ ተፈጽሟል፤ ቀሺ ገዛኢ የሚያደርሱት ወረቀት የለም።

ስድስተኛ፣ ሬሳዬ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ሸዋ አይሂድ። ከባለቤቴ ከስምዖን ጎን፣ እዚሁ መቐለ ቅበሩኝ። ሮማነወርቅ በእኔ ልቅሶ ላይ ባትቀመጥ ማንም አይውቀሳት፤ ምክንያቷን አራት ሰው ሰምቷል። ለኤልሻዳይ ግን ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይነገራት። «አባትሽ ሩቅ ሄዷል» የሚላት ሰው እንዳይኖር። ንገሯትና እጇን ይዛችሁ ዝም በሉ።

ከዚህ በላይ አልናገርም። ደጅ እየጠበቁኝ ነው።

ይህ ቃል በተናዛዥዋና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቧል። አቶ ነጋና ወይዘሮ ረምላ ከግቢው ተጠርተው ተመልሰዋል። ተናዛዥዋ «ቃሌ ነው» ብለው አጽድቀዋል።

ምስክሮች፦
ቀሺ ገዛኢ (ፊርማ)
ወይዘሮ ረምላ (የጣት አሻራ)
አቶ ነጋ (ፊርማ)
ፈንታሁን፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)

ተናዛዥ፦
ሸዋወርቅ በለጠ፣ የሟች ታዲዮስ ስምዖን እናት (ፊርማ)