ሳጥኑና የጋሽ ሰይድ ሰላምታ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 17፤ ረፋድ

ዛሬም እምቢ አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ነቅዬ ሰካሁ። ኮምፒዩተሩ ደህና፣ ሬዲዮው ደህና። የሚያምሰኝ መሐላቸው የተቀመጠው ሳጥን ነው። ጽሑፉን ከኮምፒዩተሩ ይቀበላል፣ ወደ ጩኸት ይለውጣል፣ በሬዲዮ ይልካል፤ ደብረ ሲና (ደ/ሲና) ጣቢያ ያለው መሰሉ ሳጥን ደግሞ ጩኸቱን መልሶ ጽሑፍ ያደርገዋል። ኮርሱ ላይ እንዲህ ነበር የተባልነው። እዚህ ሸዋ ሮቢት የእርዳታ እህል መጋዘን ግን ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የደብተራ ክታብ ነው።

ኃላፊያችን መጡ። እስከ ቅዳሜ የእህሉ ሪፖርት በሳጥኑ ደ/ሲና ካልደረሰ ዕቃው ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል፣ ጋሽ ሰይድም ይሰናበታሉ አሉ። የሬዲዮ ሠራተኛችን ናቸው፣ የድሮ ወታደር። በድምፅ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ ያስደግማሉ ተብሎ ከላይ ቅሬታ መጥቷል። ሳጥኑ ከሠራ ማስደገም ስለሌለ ይቆያሉ።

ጋሽ ሰይድ አየሩን ወቀሱ። አየሩ መጥፎ ነው አሉ። ዓመት ሙሉ አየሩ መጥፎ ነው!

ማስታወሻዬ፣ እዚህ በረሃ ተመድቤ ገና ሳልላመድ ወባ ሲጥለኝ፣ አጥሚት አስሠርተው በፔርሙስ ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። እንዲሄዱ አልፈልግም። በቃ።

ማክሰኞ፣ 18

ተገኘ! የኮምፒዩተሩ ፍጥነት ሌላ፣ የሳጥኑ ሌላ። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ያዘግማል፤ በምን ይግባቡ? እኩል አደረግኳቸው። ፊደል ወጣ።

ግን ሁለት ሁለት እየሆነ። አንድ ስመታ ሁለት ይጽፋል። ጋሽ ሰይድ አይተው ሳቁ። ጨዋ ዕቃ ነው፣ ሰላምታ ይደግማል አሉ። ለካ ኮምፒዩተሩም ሳጥኑም የመታሁትን መልሰው ያሳዩኛል። የአንዱን አጠፋሁ። ተስተካከለ።

ረቡዕ፣ 19፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሊያቀልጠው ነው። ረመዳን ስለሆነ ውሃዬን ከጋሽ ሰይድ ተደብቄ እጠጣለሁ። አንድ ካድሬ ጩኸቱን ሰምቶ ገባ፣ የሬዲዮ ፈቃድ አሳዩ አለ። አሳየን። ሳጥኑን በጥርጣሬ አይቶት ሄደ። እኔም በጥርጣሬ ነው የማየው።

ከደ/ሲና ጋር ይገናኛል፤ ሪፖርቱን መላክ ሲጀምር ይቋረጣል። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ገመድ ቀየርኩ። ምንም። እንባዬ መጣ።

ሐሙስ፣ 20

ምን ልበልሽ፣ ማስታወሻዬ።

ጠዋት እንደገና ላክሁ። ሳጥኑ ይንጫጫል። ከጀርባዬ የጋሽ ሰይድ ድምፅ ይሰማኛል፤ ለደ/ሲናዋ የሬዲዮ ሠራተኛ ለእትዬ አስካለ ሰላምታ እየሰጡ ነው። ሁሌም ስለሚያደርጉት ጆሮዬ ለምዶት ነበር። ዛሬ ግን ዞር አልኩ። ማይክሮፎኑን ተጭነዋል! በዚያው ሬዲዮ፣ ሳጥኑ እየላከ፣ እላዩ ላይ እያወሩበት! እኔ ትናንት ቀኑን ሙሉ ገመድ ስወቅስ!

ተናደድኩ። ጮህኩባቸው።

«ጋሼ! እየላከ እኮ ነው!»

«ገና መች ጀመረ? ደግሞ እንዴት አደርሽ ሳይባል ወሬ ይላካል እንዴ፣ ልጄ? ነውር ነው።»

ሳጥኑ ከክንዳቸው ሥር ነበር። ጆሮ እስኪበሳ እየጮኸ። ገና አልጀመረም አሉኝ።

ቁጣዬ ከየት መጥቶ የት እንደገባ እንጃ። ጆሯቸው ደክሟል፤ በደንብ አይሰሙም። ዓመት ሙሉ አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ወጥቼ መጋዘኑ ጀርባ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ 21፤ ከሰዓት በኋላ

ከጁምዓ ሲመለሱ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ሰላምታው ከሪፖርቱ በፊት በጽሑፍ ይሂድ፣ እርስዎ ይጻፉት አልኩ። ተደሰቱ። ሳጥኑ የሚያውቀውን የላቲን ፊደል ጦር ሠራዊት ሳሉ ተምረውታል። በአንድ ጣት፣ ሽምብራ እንደሚለቅም ሰው፦ እንዴት አደርሽ። ልጆቹ ደህና። ከብቱ ደህና። ዝናብ ጣለ ወይ። አንድ ስክሪን ሙሉ! ሪፖርቱ ራሱ ከዚህ ያጥራል።

መጻፉን ጨረሱ። ከዚያ ዞር ሳይሉ፦

«ለኃላፊው ነገርሽ?»

«ምኑን፣ ጋሼ? የአየሩን?»

ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ብጠብቅም ፊታቸውን ግን አላዞሩልኝም።

ቅዳሜ፣ 22

ኃላፊው ከጀርባችን ቆመዋል። ጋሽ ሰይድ ስክሪኑ ፊት፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ማይክሮፎኑ ከእኔ ዘንድ። ሰላምታውንና ሪፖርቱን ላክን። ሳጥኑ ተንጫጫ። እሳቸው የሳጥኑን መብራት ብቻ ያያሉ፤ ቀይ ሲበራ ይሄዳል፣ ሲጠፋ ያርፋል ብያቸዋለሁ። በራ። ጠፋ። በራ።

አልተቋረጠም!

መልሱ በስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል ወረደ። እትዬ አስካለ ናት። ልጆቹ ደህና፣ ከብቱም ደህና፣ ዝናብ ትናንት ጥሏል። ሪፖርቱ ሙሉውን ደርሷል። ከሥሩ ደግሞ፦ «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬስ አየሩ እንዴት ነው?»

ታውቃለች። ዓመት ሙሉ እያወቀች ስትደግምላቸው ኖራለች።

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አደረጉ። በአንድ ጣታቸው፣ ቀስ ብለው፦ «ጥርት ብሏል።»

ኃላፊው ስለ አየር ጠባይ ምን አስጨነቃችሁ ብለው ሳቁ። ጋሽ ሰይድ ይቆያሉ አሉ። ዕቃውም ይቆያል። ከዚያ ማይክሮፎኑን ማን ይያዝ ብለው ጠየቁ።

እኔ አልኩ። ከሰኞ ጀምሮ ወንበር እንቀያየራለን። ስክሪኑ የእሳቸው ነው። በድምፅ የሚጠራ ሲመጣ እኔ እመልሳለሁ፤ ያልገባኝ ነገር ካለም አየሩ መጥፎ ነው የምለው እኔ ነኝ።